ልጄ ደርሳለች ያልኩ ቅዳሜ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ሲዋሽ እንኳ ለክቶ ነው የሚዋሸው። ስለዚህ የስፖርት መምህሩ የልጄን የዝናሽን ዕድሜ በጠየቀኝ ጊዜ የቀነስኩት ልክ አራት ዓመት ነው። አንድ ቀን አልጨመርኩም፣ አንድ ቀን አላጎደልኩም።

ከሥሩ ላስረዳችሁ። ዝናሽ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜን ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ካልሆነ ብቅ ስለማትል፣ ልጅቷ የሉቃስ መሆኗን ላሊበላ ውስጥ የሚክድ ሰው የለም። መምህር ሲሳይ መዝገቡን ዘርግቶ «መቼ ተወለደች?» ሲለኝ «በዘመነ ሉቃስ» አልኩት። ይህ እንደ ወንጌሉ እውነት ነው። መምህሩ ከደሴ የመጣ፣ የቤታችንን ነገር የማያውቅ ሰው ነውና በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ፣ ለተማሪ የሚበቃው የመጀመሪያው ሉቃስ ላይ ሲደርስ ቆመና «ስምንት ዓመት» ብሎ ጻፈ። አሥራ ሁለት ነበረች። ሉቃስ አራት ዓመት እየቆየ የሚመለስ እንግዳ ነው። የትኛው ሉቃስ እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም ያልተጠየቅሁትን የምመልስ ሰው አይደለሁም።

ለምን ዋሸሁ? በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌያችን በየዓመቱ ተከታታይ የልጆች ሩጫ ያደርግ ነበር፤ ሩጫውም ሁለት ምድብ ነበረው። ሕፃናት ምድብ የሚባለው ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላሉት ሲሆን የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሦስት ጊዜ መዞር ነው። ታዳጊ ምድብ ደግሞ ቁልቁል እስከ ገበያው ወርዶ፣ ያንኑ ዳገት ሽቅብ መመለስ ነው። እዚያ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሙጃ ለሚደረገው የአውራጃ ውድድር ይሄዳሉ። ሙጃ ሩቅ ነው፣ ዳገቱም ዳገት ነው፣ ሕፃናት ምድብ ግን ቤታችን አጠገብ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ስታሸንፍ ማየት እወዳለሁ።

መምህሩም ጨርሶ ሞኝ አልነበረም። የልጅቷን ቅልጥም አየና ተጠራጠረ። ያን ጊዜ ልጅ የሚለካው በጆሮ ነበር፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባላል። መምህር ሲሳይ ይህን አሻሽሎ፣ እጁ ጆሮውን አልፎ ጉንጩን ከነካ ታዳጊ ነው ብሎ ደነገገ። እኔ ይህን አስቀድሜ ሰምቼ ስለነበር ባለቤቴን ደብሬን የልጅቷን ሹሩባ ፈትታ ጎፈሬ እንድታደርግላት ለምኛት ነበር። የዝናሽ እጅ ያንን ጎፈሬ ዞሮ ሲጨርስ ጆሮዋ ላይ ደክሞ ቆመ። ሕፃን ተብላ ተመዘገበች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ፤ ብትጠይቁኝም ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። በዚያ ዓመት ልጄ ያልበላችው ሽልማት የለም። ደብተር፣ ሳሙና፣ እርሳስ፣ አሁንም ሳሙና። እኔ ሱሪው የተቀደደበት ሰው ካልሆነ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ ልብስ ሰፊ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ አላፊ አግዳሚው «የዝናሽ አባት፣ እንደምን ዋሉ» ይለኝ ጀመር። አንቱታው አናቴ ላይ ወጣ።

ልጅቷ ግን እየሰለቻት ነበር። አንድ ቀን ሩጫው መሐል ላይ ቆማ አንዲት ተወዳዳሪዋን ንፍጧን ስትጠርግላት አየኋት። ጠረገችላት፣ መቀነቷን አጥብቃ አሰረችላት፣ ከዚያ ቀደመቻት። እኔ ደግነት መሰለኝ።

ዓመቱ ዞሮ ዘመነ ማቴዎስ ገባ። ዝናሽ በእኔ ቤት አሥራ ሦስት፣ በመምህሩ መዝገብ ዘጠኝ ሆነች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ መኪናዬ አጠገብ፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ማለቴ ነው፣ ቆመችና «አባዬ፣ ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ልሩጥ» አለችኝ።

«እዚያ የገነተ ማርያም ልጆች አሉ» አልኳት። «ውኃ ተሸክመው ዳገት የሚሮጡ ናቸው። ይበሉሻል።»

«ይብሉኝ» አለች።

አሁን ምን ይባላል? አንደኛ የለመደ አባት አምስተኛ ሲባል ማለት፣ ሙሉ ልብስ የለመደ ሰው ሰደርያ ብቻ ለብሶ ሰርግ ሲሄድ ማለት ነው። በሌላ በኩል ልጅቷ ፊቷ ጠቁሯል። ስለዚህ ሰው ማማከር ጀመርኩ። የማማክረው ደንበኞቼን ነበር፤ ሱሪው እጄ ላይ ያለ ሰው ምክር ከመስጠት ወዴት ያመልጣል? አንዱ ጋቢውን አገልድሞ ሱሪው እስኪጣፍለት ሲጠብቅ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ምድብ ስናወራ ዋልን። በመጨረሻ «እንደ ፈቀድክ አድርግ፣ ብቻ ሱሪዬን ስጠኝ» አለኝ። ይህንንም እንደ አንድ ሐሳብ ያዝኩት።

ደብሬ በበኩሏ «ትሩጥ፣ ግን ሙጃ ማን ቤት ታድራለች?» አለች። እኔ ገና ስለ መሸነፏ ሳስብ እርሷ ስለ ማሸነፏ ታስባለች።

ግራ ቢገባኝ የንስሐ አባቴን አባ ተክሌን ጠየቅሁ፤ በዚያው የዕድሜዋን ነገርም ተናዘዝኩ። አባ ተክሌ ራቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ለሐሰት ምስክርነት ምን ብለህ ትጠራዋለህ?» አሉኝ። አርባ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ከሰገድኩ በኋላ ጉልበቴ ቢላጥም ልቤ አልተመለሰም፤ ልጅቷን ዘንድሮም ሕፃናት ምድብ አስመዘገብኳት፤ ከነጎፈሬዋ።

ዓርብ ዕለት የመጀመሪያው ማጣሪያ ተደረገ። ዝናሽ ከመነሻው ተስፈንጥራ ሁለት ዙር ስትጨርስ ሌሎቹ ገና አንዱን አልጨረሱም። እኔ ከፊት ቆሜ እጄን አዘጋጅቻለሁ፤ ለማጨብጨብ ሳይሆን ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ ለመጨበጥ። መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከዚያ ቁጢጥ አለች።

 ትንንሾቹ ልጆች እያለከለኩ መጡ፣ አንድ በአንድ አለፏት። ያቺ ንፍጧን የጠረገችላት ልጅ ሆዷን ይዛ ከሁሉም ኋላ መጣች። ዝናሽ እርሷንም አሳለፈቻት። ከዚያ ተነሥታ፣ ቁምጣዋን አራግፋ፣ መስመሩን ተሻገረች።

ሮጬ ደረስኩ። «ምን ሆንሽ? እግርሽ ነው?»

«እግሬ ደህና ነው» አለች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ማሸነፌን አላውቀውም። ከማን ጋር ሮጬ ነው ያሸነፍኩት?»

አፈርኩ። በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ ፊት፣ ከእግር እስከ ራሴ አፈርኩ። ያ ሁሉ ሳሙና የእኔ ሽልማት እንጂ የእርሷ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። እዚያው «ታዳጊ ምድብ ትገቢያለሽ» ብዬ ቃል ሰጠኋት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን እኔ ስሳሳት በልክ፣ ስታረም ከልክ በላይ የሆንኩ ሰው ነኝ። መምህር ሲሳይ እስከ ሰኞ አይገኝም፤ እኔ ደግሞ ሰኞ እስኪደርስ የሚቆይ ሆድ የለኝም። ቅዳሜ ገበያ ወረድኩና ከእህል ተራ እስከ ጨው ተራ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። «ልጄ ደርሳለች» አልኩ። «ከእንግዲህ ከሕፃናት ጋር አትውልም፤ እኔም አልይዛትም። አቅም ያለው ይምጣ።»

ያልኩት ይህን ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሩጫ የምትለዋ ቃል ግን፣ ዛሬ ሳስበው፣ ጨው ተራ ከመድረሴ በፊት ከአፌ ጠፍታለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃችን ቆሙ። ትልቁን አያ ሞላን በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ የገነተ ማርያም ወገን ባለ ጸጋ ገበሬ ናቸው። ግቡ ብል ገቡ፣ ተቀመጡ ብል አልተቀመጡም። የገነተ ማርያም ሰዎች ስለ ሯጮቻቸው ሊነጋገሩ መጡ አልኩ በልቤ። ለአንድ ሩጫ እንዲህ መከበሬ ደስ አለኝ።

«ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነ» አሉ አያ ሞላ። «ትናንት በገበያ፣ ልጄ ደርሳለች፣ አቅም ያለው ይምጣ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። ይህን ያህል የቸኮለ አባት አጋጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ።

«እኛም አቅም አለነ ብለን ነው። ያዘጋጀነው አለ።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው እንጂ፣ የኔ ጌታ። ስንት ይሆናል?»

«አንድ ብቻ? ከእኛ በኩል እኮ አምስት ስድስት ይሰለፋሉ።»

አያ ሞላ አንገታቸውን አስግገው ወደ ጓዳ አዩ። «ሌሎችም ሴቶች ልጆች አሉዎ?»

«የጎረቤት ናቸው» አልኩ።

አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን አይተናል። የሚያሰጋ ነገር የለም።»

ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ካልተገናኘ ጋብቻ እንደሚፈቀድ ማን ያጣዋል? እኔ አጣሁት። የሩጫውን መንገድ የለኩ መሰለኝ። «ኧረ ከሰባት ቤት በላይ ነው» አልኳቸው። «እስከ ገበያው ብቻ ስንት ቤት አለ። ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱን አይርሱት።»

አያ ሞላ ወደ ጓደኛቸው ዘንበል ብለው «ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ከሰባትም አልፎ ይቆጥራል» ሲሉ ሰማሁ። ኮራሁ።

«ጉልበቱስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጉልበት ከተነሣማ፣ ሁለት ጥማድ በሬ አለው። ጠዋት የጠመደ ማታ ነው የሚፈታ።»

«እርሻ ጉልበት ያጠነክራል» አልኩ እንደ አዋቂ።

«ቀኑን መቼ እናድርገው?»

«ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ ተቆርጧል።»

«ሙሉ ፈቃድዎ ነው?»

«ሙሉ ፈቃዴ ነው።»

ይህን ስል ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። ለሩጫ ትንሽ በዛ አልኩ፣ ግን አልከለከልኳቸውም። አሁን ተቀመጡ። ደብሬ ጠላ ይዛ ከጓዳ ወጣች። እኔም ሰኞ ለመምህሩ እንዳስመዘግብላቸው ብዬ «ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው?» አልኩ።

«ሃያ ስድስት።»

«ኧረ አይፈቀድም» አልኳቸው። «እስከ አሥራ አምስት ነው።»

ደብሬ ማሰሮውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እኔን አንተ ስትለኝ ነው የኖረችው፤ የተቆጣች ቀን ግን አንቱ ነኝ። «እንኳን ደስ አለዎ፣ አንቱ» አለችኝ። «ልጅዎን ዳሩ።»

ያንን የተሳመውን ጉልበቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። «ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» ብዬ ጮኽኩ።

«ትናንት ደርሳለች አላሉም?»

«ለሩጫ ነው የደረሰችው።»

አያ ሞላ ከልባቸው ተገርመው አዩኝ። «ሴት ልጅ ለሩጫ ትደርሳለች?» አሉ። ከዚያም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጌታዬ። ፈቅደዋል፣ ጉልበትዎንም ስመናል። ነገ ቀበሌ ያየዋል።» ጠላውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ዝናሽ ከመጋረጃው ኋላ ሁሉን ሰምታለች። መጥታ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀመጠች። ለታዳጊ ምድብ የሰፋሁላትን ቁምጣ በእጇ ይዛለች።

«አባዬ፣ ዳርኸኝ?»

«አልዳርኩሽም።»

«እሺ ስትል ሰማሁ እኮ።»

 በሕይወቴ ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ያበላሸሁት ልጄን እንዳይሆን ፈራሁ። አንድ ቀልድ እንኳ ወደ አፌ አልመጣም።

ሰኞ ቀበሌ ስንሄድ በግራ በኩል መምህር ሲሳይ መዝገቡን ይዞ፣ በቀኝ በኩል ሽማግሌዎቹ፣ መሐል ላይ ሊቀመንበሩ ተቀምጠዋል። ደብሬና ዝናሽ ከኋላዬ ናቸው። አባ ተክሌም ለምስክርነት ተጠርተዋል። መምህሩ «ምድብ ልትቀይር ከሆነ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ማለት አይሆንም» ሲለኝ ወደ ግራ ዞሬ «አሥራ ሦስት ናት» አልኩ። አያ ሞላ «አዩ፣ አሥራ ሦስት» ሲሉ ወደ ቀኝ ዞሬ «ዘጠኝ ናት» አልኩ። እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ዞርኩ። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ጓድ፣ ልጅቷ በግራ በኩል ስትታይ አሥራ ሦስት፣ በቀኝ በኩል ዘጠኝ ናት?» አሉኝ።

አባ ተክሌ ከእኔ ይልቅ ለሉቃስ አዘኑለት መሰለኝ ተነሡ። «ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። የፊተኛው ሉቃስ ናት። አሥራ ሦስት።»

«እንግዲያማ ደርሳለች» አሉ አያ ሞላ። ከኋላቸው ያሉትም «ደርሳለች፣ ደርሳለች» አሉ።

ደብሬ ተነሣች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። «እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ ደርሳለች ተብያለሁ» አለች። «ሊወስዱኝ ሲመጡ ከጓደኞቼ ጋር ገበጣ ስጫወት ነበር። ከገበጣው ላይ አስነሥተው ነው የወሰዱኝ።» ልትቀመጥ ጎንበስ አለችና «ተራዬ ነበር» አለች።

ወሳጁ እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ያንን ገበጣ አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሬት ብትከፈትልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሊቀመንበሩም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሕጉ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሳይሞላት አትዳርም እንደሚል ተናገሩና መዝገቡን ዘጉት። አያችሁ፣ አሥራ ሦስት ለሩጫ በቂ ነው፣ ለሰርግ ጎዶሎ ነው። እውነቱ ከመጀመሪያውም ለልጅቷ በልኳ የተሰፋ ነበር። እኔ ነኝ በማይሆን ቦታ ሳጠብና ሳሰፋ የከረምኩት።

አሁን የቀረው ይቅርታ ነው። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ አያ ሞላ እግር ላይ ልወድቅ ብዬ ዙሪያዬን ባይ ያገኘሁት ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ የቢሮውን በር ይዞ ያቆመው። አነሣሁት። በሩ ከኋላዬ ተወርውሮ ወገቤን መታኝና ከነድንጋዬ አያ ሞላ እግር ሥር ተዘረጋሁ። ከልቡ የወደቀ ሰው ተባልኩ። አያ ሞላ አነሡኝ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ብቻ ይህን ለሩጫ መድረስ የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው ልሙት።»

ቃላቸውን አላጠፉም። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ በበቅሏቸው መጥተው ከእኔ ጎን ቆሙ። ደብሬ ለሙጃ ስንቅ ብላ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ይዛለች። ዘጠኝ ልጆች ቁልቁል ወርደው ከዓይናችን ተሰወሩ። አያ ሞላ ዓይናቸው ደከም ያለ ነውና ዳገቱ ላይ አንድ ጥላ በታየ ቁጥር ይጠይቁኛል።

«ደረሰች?»

«አልደረሰችም» እላለሁ። የገነተ ማርያም ልጅ ናት፣ አንደኛ።

«ይህችስ? ደረሰች?»

«አልደረሰችም።»

ሁለተኛዋ አለፈች፣ ሦስተኛዋ አለፈች፣ ሙጃም አብራ አለፈች። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። አያ ሞላ መጠየቃቸውን አልተዉም፣ እኔም ድምፄን ከፍ እያደረግሁ «ገና ናት፣ ልጄ ገና አልደረሰችም» እያልኩ እመልሳለሁ። ያ ገበያ ላይ የሰማኝ ሰው ሁሉ አሁንም ይሰማኝ ነበር። ደብሬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። አንተ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ዝናሽ መጣች። ጎፈሬዋ ወደ ኋላ ተኝቷል፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ እግሯ ግራና ቀኙን አያውቅም። መስመሩን አልፋ እላዬ ላይ ወደቀች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት። ቀና ብላ ስታየኝ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር።

«አባዬ» አለች፣ «ስድስት ሰው ቀደመኝ!»

እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ዳቦ ቆሎውን እዚያው ሜዳው ላይ ተቀምጠን በላነው፤ ለስድስቱም አካፈልናቸው።

በሳምንቱ አያ ሞላ አንዲት ቀጭን ልጅ በእጃቸው ይዘው በረንዳዬ ላይ መጡ። የልጅ ልጃቸው ናት። ዙሪያቸውን አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ቁምጣ ስፋላት» አሉኝ። «ለከርሞ ሕፃናት ምድብ አስገባታለሁ። ለዚያ መምህርም አንተ ንገርልኝ። የተወለደች በዘመነ ማርቆስ ነው።»

ልጅቷን ከእግሯ ጀምሬ ሽቅብ አየኋት። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና «በየትኛው ማርቆስ፣ አያ?» አልኳቸው።